ሐዘንተኛ አይለመንም

ፎቶው የመጣው የመስቀል ሰሞን ግርግር ጋብ ካለ በኋላ ነው። ሽሮ ሜዳ ከበዓል በኋላ ሌላ ሰፈር ትመስላለች። ያ ሁሉ ተጋፊ ገበያተኛ ወደየቤቱ ገብቶ፣ ነጋዴው በየደጁ ተቀምጦ ያዛጋል። ነጠላ ሻጯ ታየችም ያልተሸጡትን ነጠላዎች እያጣጠፈች መደርደሪያ ላይ ስትመልስ ስልኳ ጮኸ። ከማሪት ነው። ደስ ብሏት ከፈተችው፤ ፈገግ ማለት የጀመረው ከንፈሯ ግን እዚያው ደርቆ ቀረ።

ማሪት መስኮት አጠገብ ቆማለች። የለበሰችው የታየች ባል ይገዙ በእጁ የሸመነላትን ነጠላ ነው፤ ግን ዘቅዝቃዋለች። ሰማያዊው ጥለት ወደ ታች መውረድ ሲገባው ሽቅብ ወጥቶ አንገቷ ሥር ተጠምጥሟል። ነጠላ እንዲህ የሚለበሰው ሰው ሲሞት እንደሆነ ደግሞ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ከፎቶው ጋር አንድም ቃል አልነበረም።

«በስመ አብ!» አለች ታየች ለራሷ።

ማሪት የኖርዌይ ሰው ናት፤ ሙያዋ አዋላጅነት ነው። ከሰባት ዓመት ገደማ በፊት ጳውሎስ ሆስፒታል ለማስተማር መጥታ፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ሽሮ ሜዳ ወጥታ ወደ ታየች ሱቅ ገባች። ሁለቱ በምልክት ቢጨዋወቱ ቢጨዋወቱ መግባባት ሲያቅታቸው፣ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል የነበረችው የታየች ልጅ ሄርሜላ ከጓሮ ተጠራች። እጇ ላይ ያጠነጠነችውን ክር እንደያዘች ነው የመጣችው። ማሪት ዋጋ ጠየቀቻትና ዋጋውን ረስታ ልጅቷን ትጠይቅ ጀመር፤ ትማሪያለሽ ወይ፣ መቼ ታጠኛለሽ፣ ወደፊትስ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ? ሄርሜላ ያን ዕለት የመለሰችው ምን እንደሆነ ዛሬም አትናገርም። ብቻ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥቧ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ሲቀር፣ ዊንጌት አካባቢ ባለ የግል ጤና ኮሌጅ ገብታ አዋላጅነት እንድትማር ያደረገቻት ማሪት ናት። ታየች በጊዜው «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ፤ ይኸው በእኔ ደረሰ» እያለች ስትቀልድ፣ ከደስታዋ ብዛት ለሰላምታ ለመጣ ሁሉ ነጠላ በመጣበት ዋጋ ትሸጥለት ነበር።

ታየችን ያስደነገጣት ታዲያ መዘቅዘቁ ብቻ አይደለም። ማሪት ልማዱን የማታውቅ ቢሆን ኖሮ ስቃ ታልፈው ነበር። ግን ታውቃለች። ያቺን የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ነጠላውን አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል ስታደርገው ጥለቱ አንገቷ ላይ ቢያርፍ፣ ታየች ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሥታ ከላይዋ ገፈፈችው። ደንበኛ ላይ ጨርቅ ዘቅዝቆ የሚያለብስ ነጋዴ ሟርተኛ እንጂ ነጋዴ አይባልም። ሄርሜላ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ «እንዲህ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው» ብላ አስረዳቻት፤ ሴትዮዋም ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ እንደገና አሳዩኝ አለች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በየእንቁጣጣሹ ነጠላዋን በወጉ ለብሳ ፎቶ ትልካለች፤ ሄርሜላ ኮሌጅ ከገባች ወዲህም ከሥሩ «መልካም አዲስ ዓመት። ሄርሜላ፣ የኮሌጁን ወረቀት ላኪልኝ» ብላ ትጽፋለች። ሄርሜላ የክፍያውን ወረቀት ትልካለች፣ ማሪት ለኮሌጁ ትከፍላለች፣ ዓመቱ በሰላም ይጀመራል። ዘንድሮ እንቁጣጣሽም አለፈ፣ መስቀልም አለፈ፣ ድምጿ ጠፋ። ጠፍቶ ጠፍቶ የመጣው ይህ ፎቶ ነው።

ታየች ሱቋን ዘግታ ወደ ቤት ሽቅብ ወጣች። ይገዙ እግሮቹን የመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደከተተ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይልካል። ሄርሜላ አጠገቡ ተቀምጣ ስልኳን ትጎረጉራለች። የመጨረሻዋ ዓመት ነው፤ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ሳምንት ቀርቶታል።

«ሰው ሞቶባታል» አለች ታየች፣ ስልኩን ለልጇ እየሰጠች።

ሄርሜላ ፎቶውን አስፍታ አየችው። «እማ ደግሞ! ረስታው ነው። ፈረንጅ እኮ ናት፣ ላይና ታቹ መች ይገባታል? ደሞ እዪው፣ ፈገግ ብላለች።»

«ፈረንጅ ካሜራ ሲያይ ፈገግ ይላል፤ ልማዱ ነው። እኔ የማየው ዓይኗን ነው። እኔው ራሴ በእጄ አስተምሬያት ትረሳዋለች?»

«እሺ በቃ፣ ደህና ነሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት።»

ጠየቀቻት። ማሪት ጥቂት ቆይታ «ደህና ነኝ። አመሰግናለሁ» ብላ መለሰች።

«አየሽ?» አለች ሄርሜላ ብድግ ብላ። «ደህና ናት። ወረቀቱን ልላክላት።»

«ደህና ነኝ የማይል ሐዘንተኛ የት አገር አለ? እንዳትልኪ!» ታየች በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል። ያቺ ሴትዮ ሬሳ ቀብራ ተቀምጣ እኛ እጃችንን እንዘርጋባት? ሐዘንተኛ ይጠየቃል እንጂ አይለመንም።»

«እንግዲያው እግዜር ያጥናሽ እንበላታ! እሱንስ ማን ከለከለ?»

«ባይሞትባትስ? በሰላም ከተቀመጠ ሰው ቤት ለቅሶ ልንልክ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ኋላ አንድ ነገር ቢደርስባት በእኛ አፍ ነው የሚሆነው።»

ይገዙ መወርወሪያውን አቆመ። «ስትይ ስትይ መላወሻ አሳጣሽን እኮ፣ ታዩ።»

«ዝም በል አንተ! ሞት ቀልድ ነው?»

ቀልድ አልነበረም፤ ግን ይገዙ እውነቱን ነው። ሞት ካለ መለመን ነውር ሆነ። ሞት ከሌለ ማጽናናት ሟርት ሆነ። ማን ሞተብሽ ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅማ በታየች ቤት ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም፤ መርዶን ሰው ራሱ ይናገራል እንጂ ከአፉ ፈልቅቆ የሚያወጣበት የለም። ሄርሜላ ማሪትን ፌስቡክ ላይ ፈለገቻት፣ የለችም። ጳውሎስ አብረዋት የነበሩት ፈረንጆች ወደየአገራቸው ከተበተኑ ቆይተዋል። የቀረው ዝምታ ብቻ ነበርና ቤተሰቡ ዝም አለ። የፈረንጅ ልማድ ያለው ሰው ቢሰማ በእንዲህ ያለው ነገር ይስቅ ይሆናል። ታየች ግን በእንዲህ ያለው ነገር ያደገች ሴት ናት፤ ችግሯን ስትደብቅ ኖራ ለሰው ለቅሶ ቀድማ የምትደርስ።

«በሞቴ፣ ሄርሜላ» አለች በመጨረሻ፣ «ራሷ እስክትናገር ድረስ እንዳትልኪላት።»

በእናት ሞት ከተማለ ወዲያ ምን ይባላል? ሄርሜላ ስልኩን አስቀምጣ ወጣች።

ሳምንቱ እንደ ሌላው ሳምንት ሁሉ ሄደ። ይገዙ ከሰው ሊበደር ሞከረ፤ ጓደኞቹ ሁሉ እንደሱ የበዓሉን ገንዘብ ለክር አውለውት ኖሮ እጃቸው ባዶ ነው። ሄርሜላ ኮሌጁ ድረስ ሄዳ ቀን እንዲጨምሩላት ለመነች። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ክፉ አልነበረችም፤ «የእኔ እህት፣ ቢቻል ደስ ይለኝ ነበር፤ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታሽ አይጠፋም» ብላ በትሕትና ሸኘቻት። ለሚቀጥለው ዓመት የሚባለው ነገር ለሚናገረው ቀላል ነው። ምዝገባው ተዘጋ፤ ከማሪትም ሌላ ነገር አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ሄርሜላ ጠዋት ጠዋት ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ክር ማጠንጠን ጀመረች። አታኮርፍም፣ አትሳደብም፣ የታዘዘችውን ሁሉ ትሠራለች። ለታየች የከፋው ይሄ ነው፤ ብታኮርፍ ይሻላት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ልዩ የምትባለው የክፍል ጓደኛዋ ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ በደጃቸው ስታልፍ «ሄሩ፣ ዛሬ ማዋለጃ ክፍል ልንገባ ነው!» ብላ ጮኸች። ሄርሜላ እጇን አውለበለበችላትና ተመልሳ ተቀመጠች። ክሩ ተወሳሰበባት። ልትፈታው ሞከረች፣ አቃታት፣ ወረወረችው።

«ለማታውቂው ሬሳ አለቀስሽ፣ እማ» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «ሞተ አልሞተ እንኳን ላላወቅሽው። እኔ ግን ይኸው በቁሜ ተቀበርኩልሽ፤ ለእኔ ማን ይድረስልኝ?»

«ሄርሜላ!» አለ አባቷ።

«ተዋት» አለች ታየች። «ተዋት፣ ትናገር።»

ልጅቷ ግን ሌላ አልተናገረችም። ታየች ነጠላዋን ደርባ ወደ ሱቋ ወረደች፤ መንገዱን በሙሉ ያንን ቃል እያመላለሰች ሄደች። ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነው። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ታየች ጨዋነቷን እንጂ የሠራችውን አላየችም ነበር። ጨዋነት ጥሩ ነው፤ የራስን ልጅ ደጅ አስቀምጦ ሲሆን ግን ምኑ ጨዋነት ነው? ማወቅ አለባት፤ ሳትጠይቅ፣ ሳታሟርት ማወቅ አለባት። እንዴት አድርጋ እንደሆነ ስታስብ ሱቋ ደረሰች፤ ስትደርስ መልሱ እላይዋ ላይ ነበር።

ነጠላዋን አወለቀችና ገለበጠችው። ጥለቱን ሽቅብ አድርጋ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ የአጠገቧን ባለሱቅ ጠራች።

«ሩቅያ፣ እስቲ ነይ ፎቶ አንሺኝ።»

ሩቅያ እጇን እያደራረቀች ብቅ አለችና ክው አለች። «ኧረ አላህ ይጠብቅሽ! ማን ሞተብሽ?»

«እስካሁን አላወቅሁም።»

«ምን?»

«አንሺኝ ብቻ፣ እኔ ልሙት። ኋላ እነግርሻለሁ።»

ሩቅያ አነሣቻት። ታየች ፎቶውን ለማሪት ላከችው፤ ከሥሩ ምንም አልጻፈችም። ማሪት ልማዱን ረስታው እንጂ ሐዘን የሌለባት ከሆነች፣ የመጣላት አንዲት ሴትዮ ሱቋ ደጅ ቆማ የተነሣችው ፎቶ ነው፤ ሟርትም ልመናም የለበትም። ሐዘን ካለባት ግን ይገባታል። ፎቶው ሄዶ ታየች ነጠላዋን ሳታስተካክል በፊት ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ባለሱቁ ሁሉ ፊቱን አጨልሞ እየመጣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላት ጀመር። አንዷማ ቁጭ ብላ አለቀሰችላት። ታየች መካድም ማመንም አልቻለችም፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ክፉ አይንካችሁ» እያለች ሁሉንም ሸኘች። ሰው ለእሷ እንዲህ ሲሮጥላት እያየች፣ ያቺ ሴትዮ በአገሯ ማን ሮጦላት ይሆን ብላ አሰበች፤ አስባም ፈራች።

ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ለምሳ ወደ ቤት ገብታ ገና ሳትቀመጥ ስልኩ ጠራ። ማሪት ናት፣ በቪዲዮ። ታየች ስልኩን ለሄርሜላ ሰጠቻት፤ ሄርሜላ ከፍታ በሁለቱ መካከል ያዘችው። የማሪት ፊት ወጣ። ከስቷል፤ አሥር ዓመት አርጅቷል። የታየችን አንገት አየች፣ ጥለቱን አየች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ሸፈነች። 

«እህቴን!» አለች ታየች። «እህቴን! ምን አገኘሽ?»

ይሄን መተርጎም አላስፈለገም። ማሪት አንድ ስም ተናገረች፤ በእንግሊዝኛም ጥቂት ቃላት ጨመረችበት።

«ሲልዬ» አለች ሄርሜላ ቀስ ብላ። «ልጇ ናት፣ እማ። አንድያ ልጇ። ሐምሌ ላይ፣ መኪና ተገልብጦ... በእኔ ዕድሜ ናት።»

ታየች ደረቷን መታች። አይታት የማታውቃትን ልጅ በስሟ እየጠራች፣ ወይኔ ሲልዬ፣ ወይኔ የእናትሽ ብቸኛ እያለች እንደ አገሯ ለቅሶ አለቀሰች። ይገዙ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ግድግዳው ጥግ ቆመ። በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮም ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ከአለቃቀሷ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ያለቀሰች ይመስል ነበር።

ጋብ ሲልላቸው ማሪት መናገር ጀመረች። ረጅም ነው የተናገረችው። ሄርሜላ መጀመሪያ ላይ ቃል በቃል ትከተላት ነበር፤ ነጠላውን የለበሰችው አውቃ እንደሆነ፣ በሷ አገር ሰው ለቀብር መጥቶ አበባ አስቀምጦ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ፣ ሞተች ብላ መጻፍ እጇ እምቢ ስላላት ታየች ታነበዋለች ብላ ፎቶውን እንደላከችው። ከዚያ ማሪት አንድ ነገር ጠየቀች። ታየች ኮሌጅ የምትለዋን ቃል ሰማች። ሄርሜላ አጭር መልስ ሰጠች። ማሪት ደግሞ ረዘም አድርጋ ተናገረች፤ ይሄኔ ሄርሜላ መተርጎሙን ተወችው። ስልኩን የያዘው እጇ ዝቅ አለ።

«ምን አለች?»

«ምንም። አመሰግናለሁ ነው ያለችው።»

«ይሄን ያህል ተናግራ? ሙሉውን ንገሪኝ።»

«እማ፣ ተይው ይቅር።»

«ንገሪኝ አልኩሽ።»

ሄርሜላ እናቷን አየቻት። ያ የጠዋቱ ንዴት ከፊቷ ላይ የለም፤ የቀረው ሐዘን ብቻ ነው። «ደህና ነሽ ወይ ስትሉኝ ደህና ነኝ አልኩ፤ ከዚያ ዝም አላችሁ አለች። ያልገባችሁ መሰለኝ አለች። የኮሌጁንም ወረቀት ስትጠብቅ ነበር። በየቀኑ ስልኳን ታይ ነበር። ‹ልጅ የለኝም፤ የሚፈልገኝ ሰው ጠፋ፤ ቢያንስ ሄርሜላ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠዋት ጠዋት የምነሣው ለዚያ ነበር› አለች። ወረቀቱ ሲቀር... እናንተም የማላስፈልጋችሁ ሰው አደረጋችሁኝ ብዬ አሰብኩ አለች።»

 ልታዝንላት ብላ የዘጋችው በር፣ ለካ ያቺ ሴትዮ ቆማ ስታንኳኳው የነበረው በር ነው። በአንድ ዝምታ ሁለት ሰው በደለች፤ አንዷ ሩቅ አገር ናት፣ አንዷ ጉልበቷ ሥር ተቀምጣለች። ልታስተባብል አፏን ከፈተች፤ ልማድ ነው፣ ነውር ነው፣ ልትል ነበር። ሁሉም ቃል ከንቱ ሆነባት።

«እንግዲያው ጠይቂያት» አለች።

«ምን?»

«ለምኚያት። አሁኑኑ፣ ሳትዘጋው።»

«ምኑን ልለምናት፣ እማ? ምዝገባው እኮ አልፏል። ዓመቱ ሄዷል።»

«የከርሞውን ለምኚያት። ‹እናቴ ናት የከለከለችኝ፣ ታስፈልጊኛለሽ› በያት። እንዲሁ በያት፣ ቃል ሳትቀንሺ።»

ሄርሜላ ወደ ስልኩ ዞረች። በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረች። ታየች ቋንቋውን አታውቀውም፤ ልጇ ስትለምን ግን አወቀች፤ ልመና በየትኛውም ቋንቋ አንገት መድፋቱ ያው ነው። በሐዘንተኛ ፊት ተቀምጣ የራሷን ልጅ ልመና ዳር እስከ ዳር ሰማችው።  ማሪት እንባዋን ትከሻዋ ላይ ባለው ነጠላ ጫፍ ጠረገችና ደጋግማ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ጥቂት ቃላት ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች ታየች።

«እናትሽን አመስግኚልኝ አለች» አለች ሄርሜላ፤ ይህን ብላ ስልኩን እንደያዘች ራሷን እናቷ ጭን ላይ ጣለች።